የላይኛው የታችኛውን ሲይዝ

ነገ የት እንደሚያድር በእርግጠኝነት የማያውቅ ሰው ረጅም ሥራ መጀመር ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ሲነበብ የፈላስፎች መራቀቂያ ይመስላል። በሐጅ ዩሱፍ ግን የዕለት ጥያቄ ነው። ቤት ሲከራዩ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ፣ ዐረብኛን አጥርቶ ለመማር ሲነሡ፣ ሌላው ቀርቶ አንድ አልጋ ሲገዙ እንኳ «ለስንት ቀን ብዬ?» የሚለው ቃል ከአፋችን ይቀድማል። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በትልልቅ ነገሮች ላይ አንመረምረውም፤ አነስተኛ በሆነ ነገር ላይ እንፈትነዋለን። ነገሩም አንዲት ጀማሪ ሁለት መርፌና ጥቂት ልቃቂት ይዛ የምትጀምረው፣ ከፊት የሚከፈት፣ ወደ ጉልበት የሚወርድ ተራ ሹራብ ነው።

አነስተኛውን ነገር መምረጤ ያለ ምክንያት አይደለም። ትልቅ ነገር ሰበብ ይበዛዋል፤ ቤት ያልሠራ መሬት የለኝም ይላል፤ ያልተማረ ገንዘብ የለኝም ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሹራብ ግን መሬትም ፈቃድም አይጠይቅም፤ በአንድ ፌስታል ውስጥ ገብቶ ከባለቤቱ ጋር ይጓዛል። ስለዚህ ሹራብ ለመሥራት እየፈለገ ያልጀመረ ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ የሚተርፈው መልስ ጥቂት ነው፤ ያ የተረፈው መልስ ነው ልንመረምረው የሚገባን።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት እናውጋ፤ የተርጓሚ ልማድ ነውና አንባቢ ይታገሠኝ። እኛ ሹራብ የምንለው ደረትና ክንድ የሚሸፍነውን የሱፍ ልብስ ነው። በሱዳን ዐረብኛ ሹራብ ብሎ ሱቅ የገባ ሰው ግን የሚቀርብለት ካልሲ ነው። የአንዱ ቃል ድምፅ በአንድ ቋንቋ ወደ እግር ወርዶ፣ በሌላው ወደ ደረት ወጥቶ ይገኛል። ነገሩ ሳቅ ቢያጭርም ታሪክ ለእግሩ የሚያደላ ይመስላል፤ ከጥንት ተርፈው ከደረሱን፣ በክር ቀለበት ከተሠሩ ልብሶች መካከል ዝነኞቹ ካልሲዎች ናቸውና፤ የተገኙትም በዚሁ በዓባይ ሸለቆ፣ በግብፅ ምድር ነው። ኦክሲሪንከስ ከተባለችው ጥንታዊት ከተማ መቃብር የወጣውና በለንደኑ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የተቀመጠው ቀይ የሱፍ ካልሲ ወደ 1,600 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ዕድሜ ይሰጠዋል፤ ለነጠላ ጫማ እንዲመች አውራ ጣቱ ለብቻው ተከፍሏል። እርሱ በአንድ መርፌ፣ ከዛሬው በተለየ ዘዴ የተሠራ ነው፤ በዛሬው የሹራብ አሠራር የተሠሩት የጥጥ ካልሲዎች ግን ከብዙ ምዕት ዓመት በኋላ የመጡ ሲሆኑ፣ እነርሱም እዚያው ግብፅ ተገኝተዋል። ከፊት የሚከፈተው ሹራብ ፈረንጆቹ ዘንድ ካርዲጋን ይባላል። ስሙ የመጣው በ1854 እ.ኤ.አ. በክሪሚያ ጦርነት፣ ባላክላቫ ላይ ፈረሰኞቹን እየመራ ወደ መድፍ አፍ ከጋለበው እንግሊዛዊ መኰንን፣ ከካርዲጋኑ ጌታ ማዕርግ ነው። የጦር አዝማች ስም በእናቶች ጉልበት ላይ በሚሠራ ልብስ ሲጠራ መኖሩ፣ ታሪክ አንዳንዴ ሳያስበው የሚፈጽመው ፍትሕ ይመስለኛል።

ወደ ሥራው እንለፍ። ጀማሪዋ ወፍራም ክርና 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መርፌ ትመርጣለች፤ ቀጭን ክር ዓይንንም ትዕግሥትንም ቶሎ ይጨርሳልና። ሹራቡ አምስት ቁራጭ ነው፤ አንድ ጀርባ፣ ሁለት የፊት ወገን፣ ሁለት እጅጌ። ለመጀመሪያ ሥራ የሚመከረው እያንዳንዱ መሥመር በአንድ ዐይነት አሠራር የሚሄደው ነው፤ ፊቱና ጀርባው አንድ መልክ ይይዛል፤ ጠርዙ አይጠቀለልም፤ እጅም አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ይለምዳል።

ከሁሉ አስቀድማ ግን ናሙና ትሠራለች። ጎንና ጎኑ ከ10 ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ቁራጭ ሠርታ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንደገባ ትቆጥራለች። 16 ከሆነ፣ 55 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ጀርባ 88 ቀለበት ያስፈልጋታል። በቁመት በ10 ሳንቲ ሜትር 30 መሥመር ቢገባ፣ ለ75 ሳንቲ ሜትር ርዝመት 225 መሥመር ይሆናል፤ ሲባዛ ለጀርባው ብቻ 19,800 ቀለበት ማለት ነው። ናሙናውን ንቃ የዘለለች፣ እጇም ላላ ብሎ በ16 ፈንታ 15 ያስገባች እንደ ሆነ፣ ዙሪያው 110 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ያለችው ሹራብ ከ117 ሳንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ይመጣል። በአንድ መዳፍ ስፋት ላይ የአንድ ቀለበት ልዩነት እንዲህ ያደርጋል። ትንሽ ስሕተት ትንሽ ሆና የምትቀረው ሥራው ትንሽ ሲሆን ብቻ ነው።

እንግዲህ 19,800 የሚለው ቁጥር ፊት ለፊት ሲቆም ተቃውሞው ይጀምራል። ሦስት ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱን በአጭሩ እንለፋቸው።

አንደኛው የሒሳብ ነው፤ «ከገበያ ተሠርቶ ያለቀውን መግዛት አይቀልም?» የሚል። ይቀላል። የክሩ ዋጋ ብቻ ከሰልባጅ ሹራብ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ የእጅ ድካም ቢታሰብማ ወሬውም አይነሣ። በእጅ የተሠራ ሹራብ ገንዘብ ይቆጥባል የሚል ሰው ካለ አይመኑት። ሁለተኛው የአየር ጠባይ ነው፤ «በካርቱም ሐሩር ሱፍ?» የሚል። ግንቦት ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚያቃጥል ከተማ ይህ ቢጠየቅ አያስደንቅም። ሆኖም ጥር ላይ ሌሊቱ ወደ 15 ዲግሪ ይወርዳል፤ የሰሜኑ ደረቅ ነፋስ ሲነሣ ሐውሽ ውስጥ የሚያድር ሰው ያውቀዋል። ከዚህም በላይ ከዚህ ከተማ ሰዎች ብዙዎቹ ሹራብ የሚያስቡት ለራሳቸው አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ወይም ደሴ ላለች እናት፣ ካናዳ ወይም ኖርዌይ ለደረሰ ወንድም ነው። ሙቀት አገር ተቀምጦ ለብርድ አገር መሥራት የስደተኛ ዕጣ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን እውነተኛው ነው፤ «ሳልጨርሰው ብሄድስ?» የሚለው።

ይህን ንግግር የሚናገር ሰው ሰነፍ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ወደ ሱዳን የተሰደደው ወገናችን በየዘመኑ «ለጥቂት ጊዜ» ብሎ የመጣ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከኤርትራ የመጡት፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ቀይ ሽብርን የሸሹት፣ በ1984 እና በ1985 ረኀብ ያሳደዳቸው፣ በ2020 ኅዳር ወር ከትግራይ ጦርነት ተከዜን የተሻገሩት፣ ሁሉም ሲነሡ ዐይናቸው ወደ ኋላ ነበር፤ ወይም ካርቱም ከደረሱ በኋላ ወደ ሦስተኛ አገር ነበር። «ፕሮሰስ» የሚባለው ቃል በዚህች ከተማ እንደ ወቅት ስም ሆነ፤ ፕሮሰስ የጀመረ ሰው ዕቃ አይገዛም፤ ያልጀመረም ሊጀምር ስለሆነ አይገዛም። ጀበና ይዛ ኒም ዛፍ ሥር ቡና የምትሸጠዋም «ከሻ» በተባለ ቁጥር ዕቃዋን ሰብስባ የምትነሣ ናት፤ ከአንድ ቀን የሚያልፍ ዕቅድ ብታወጣ ማን ያከብርላታል?

ከዚያም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነቱ ፈነዳ። የሐጅ ዩሱፍ ነዋሪ፣ ሱዳናዊም ሐበሻም፣ በእጁ የያዘውን ብቻ ይዞ ወጣ። አንዳንዱ ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ፣ አንዳንዱ ወደ ግብፅ ተበተነ፤ መደኒ ይሻላል ብሎ የሄደውም በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚያ ሲደርስበት ሁለተኛ ተሰደደ። መጋቢት 2017 ዓ.ም. ሠራዊቱ ከተማዋን መልሶ ከያዘ ወዲህ የተመለሱ አሉ፤ ያልተመለሱና ሊመለሱ የማይችሉም አሉ። ይህን ሁሉ ላየ ሰው «ሳልጨርሰው ብሄድስ?» የሚለው ቃል ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ከኑሮ የተገኘ ትምህርት ነው። እንግዲያስ ለዚህ ሰው ምን መልስ አለን?

መልሱ ያለው በሥራው ጠባይ ውስጥ ይመስለኛል።

ግንብ ሲገነባ የታችኛው ድንጋይ የላይኛውን ይሸከማል። መሠረቱ ከተናደ ከላይ ያለው ሁሉ ይወድቃል፤ መሠረት የሌለው ሰውም መገንባት አይችልም። ሹራብ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። መርፌ ላይ ያለው የዛሬ ቀለበት በትናንቱ ቀለበት መካከል አልፎ ይወጣል፤ የትናንቱ እንዳይፈታ የሚይዘውም ይኸው የዛሬው ነው። የዛሬው ቀለበት ከመርፌ ቢያመልጥ ከላይ የሚፈርስ ነገር የለም፤ ከላይ ገና ምንም አልተሠራምና። የሚፈታው ከሥሩ ያለው ነው፤ እንደ መሰላል ደረጃ አንድ በአንድ እየተለቀቀ ወደ ታች ይወርዳል፤ በጊዜ ካልተያዘ ከወር በፊት የተሠራው ድረስ ይደርሳል። በግንብ የቀደመው የኋለኛውን ያቆማል፤ በሹራብ ግን የኋለኛው የቀደመውን ያድናል።

ብዙዎቻችን ሕይወታችንን የምናስበው እንደ ግንብ ነው። መሠረቱ ጎንደር ወይም ወሎ፣ አሥመራ ወይም አዲስ አበባ ቀርቷል፤ ከመሠረቱ ተነቅለን መጥተናልና እዚህ የምንሠራው ሁሉ በአየር ላይ ነው እንላለን። ስለዚህ እንጠብቃለን። መጠበቅ ያለፈውን ሳይነኩ በክብር ማቆየት ይመስለናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ምሳሌ ማስረጃ አይሆንምና ሹራቡን ለጊዜው ትተን ኑሮውን እንመልከት። በዚህች ከተማ ተወልዶ ያደገ ልጅ አማርኛ የሚያውቅ ከሆነ፣ ያቆየለት አገር ቤት አይደለም፤ ትናንት ማታ የተነገረው ተረት ነው። የአያቶች የዶሮ ወጥ አሠራር በሕይወት ያለው በሚታወስበት ቤት አይደለም፤ በሚሠራበት ቤት ነው። ሙታናችንን የምናከብረው ዛሬ ለሞተው ጎረቤት ቀብር ስንደርስ ነው። ዛሬ ምንም የማይሠራ ሰው ትናንቱን እንደ ያዘ ይመስለዋል፤ ትናንቱ ግን ከሥሩ ቀስ እያለ እየተፈታ ነው።

እንግዲህ «ሳልጨርሰው ብሄድስ?» ለሚለው መልሱ ይህ ነው። ረጅም ሥራ የሚጀመረው ነገን በመተማመን ብቻ አይደለም። ነገ በማንም እጅ የለም፤ በቪላ ቤት ለሚኖረውም የለም። የሚጀመረው ትናንትን ለመያዝም ነው። ከጦርነቱ በፊት እዚሁ ሐጅ ዩሱፍ አንዲት ወጣት፣ ሹራብ የሚያስተምሯትን አሮጊት «እማማ፣ ነገ ፕሮሰሴ ቢያልቅስ?» ብትላቸው፣ «ይለቅልሽ ልጄ፤ መርፌ ላይ እንዳለ ይዘሽው ትሄጃለሽ» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ከአንድ ሙሉ መጽሐፍ የበለጠ ፍልስፍና አለበት። ያላለቀ ሹራብ ቀለበቶቹ መርፌው ላይ እስካሉ ድረስ አይፈታም። ያላለቀ መሆንና የፈረሰ መሆን የተለያዩ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ መተርተር መናገር ግድ ነው፤ ሹራብ የሚሠራ ሁሉ ይተረትራልና። ጀማሪዋ ከ20 መሥመር በታች ስሕተት አየች እንበል። ብትተረትረው 1,760 ቀለበት ይጠፋል። ትተወው ወይስ ትፍታው? አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ ነገር ግን ሁሉን ስሕተት መተርተርም ጥበብ አይደለም። ሁለት ዐይነት ጉድለት አለ። አንደኛው የሚታይ ብቻ ነው፤ አንድ ቀለበት ከጎረቤቱ ላላ ወይም ጠበቅ ብሏል፤ ቢተው እዚያው ይቀራል፤ ሙቀቱንም አይቀንስም። ሁለተኛው የሚሄድ ነው፤ ያመለጠ ቀለበት ነው፤ ዛሬ ባይታይም በመጀመሪያው እጥበት ይወርዳል። የመጀመሪያውን ጉድለት አላይም ብሎ ሥራውን ሁሉ የሚተረትር ሰው ትዕቢት ይዞታል፤ ሁለተኛውን አይቶ የሚሸፍን ደግሞ ሐሰት ይዞታል። በሰው ጠባይና በማኅበር ሥራም ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ስንጣላ የምናጠፋው ጊዜ አብዛኛው በሚታየው ጉድለት ላይ ነው፤ የሚሄደውን እንሸፍነዋለን።

የተተረተረ ክር አይጠፋም፤ ተጠማዞ ይወጣል፤ ታጥቦ ሲሰቀል ይቀናል፤ ተመልሶ ይሠራል። በግሪኮች ጥንታዊ ትረካ፣ በኦዲሲ፣ ጴኔሎፔ ቀን የሸመነችውን ሌሊት ትፈታ የነበረው ሥራው እንዳያልቅና ፈላጊዎቿን እንድታቆይበት ነበር። ጀማሪዋ የምትተረትረው ግን በትክክል እንዲያልቅ ነው። ሁለቱም ክር ይፈታሉ፤ አንዷ ጊዜን ታቆማለች፣ ሌላዋ ጊዜን ትከፍላለች።

ነገር ግን ምሳሌውን ከድንበሩ አናሳልፈው። የተሰደደን፣ ቤቱ የተዘረፈን ሰው «አይዞህ፣ ሕይወትህ ተተረተረ እንጂ አልጠፋም» ብሎ ማጽናናት የሚቀናው ላልደረሰበት ነው። መተርተርና መቀደድ አንድ አይደሉም። የምትተረትረው ሴት ክሩን በገዛ እጇ፣ ጫፉን አውቃ፣ ልቃቂት እያደረገች ትመልሰዋለች። ጦርነት እንዲህ አያደርግም፤ ይቆርጣል። የተቆረጠ ክር ይቋጠር ይሆናል፤ ቋጠሮው ግን ሁልጊዜ በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል። የሞተ አይመለስም፤ ያለቀሰም «ተው፣ ሥራ» አይባልም። እጅ የሚዝልበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ መርፌውን ማስቀመጥ ኃጢአት አይሆንም።

ሌላም ጥርጣሬ አለ። ለተቸገሩ ሴቶች መርፌና ክር አድሎ ማስቀመጥ ከትልቁ ጥያቄ፣ ከመብትና ከመኖሪያ ፈቃድ፣ ዐይንን መመለሻ ሆኖ ያገለገለበት ጊዜ የለም አይባልም። ሹራብ የመኖሪያ ፈቃድን አይተካም፤ የሚተካ ነው የሚል ካለ ስደተኛዋንም ሹራቡንም ይንቃል። የእጅ ሥራን መናቅ ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። እናቶቻችን ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት ፈትለው ለአንድ ጋቢ ብዙ ሌሊት ሲያጠፉ፣ ድርና ማጉን ያገናኘው ሸማኔ ስሙ ስድብ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ለዚህ ነው። ጋቢውን ለብሶ ሸማኔውን መስደብ፣ ሥራውን ወድዶ ሠሪውን መጥላት፣ ከዚያ ወዲህም ሙሉ በሙሉ ለቅቆን አልሄደም። ጀማሪዋ የመጀመሪያ ጀርባዋን ስትጨርስ የምታገኘው አንዱ ትርፍ ይህ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ልብስ ስታይ ከበስተኋላው እጅ እንዳለ ታውቃለች።

ከዚህም የሚበልጥ ትርፍ አለ። ሹራብ ያለ ልክ አይሠራም፤ ልክ ደግሞ ሰውን ማሰብ ነው። ከዐሥር ዓመት በፊት የተለያት እህቷ ትከሻዋ ስንት ሳንቲ ሜትር ይሆን? ወፍራ ይሆን? በስልክ «ደኅና ነሽ?» ተባብለው የሚዘጉ እህትማማቾች፣ አንዷ ሹራብ ስትጀምር ለመጀመሪያ ጊዜ «ክንድሽ ከትከሻ እስከ አንጓ ስንት ይሆናል?» ተባብለው ይጠያየቃሉ። ተራና ረጅሙ ሹራብ ለጀማሪ የሚመረጠው ስለሚቀል ብቻ አይደለም፤ በልክ ላይ ጥብቅ አይደለም፤ ከፊት ክፍት ነውና የወፈረውንም የከሳውንም ይቀበላል። ከሩቅ ላለ ሰው የሚሆን ፍቅርም እንደዚህ ያለ መሆን አለበት፤ እናውቅሃለን ብሎ የማያጣብቅ፣ ሰውየው ተለውጦ ቢገኝ የሚበቃው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ፣ ነገን የማያውቅ ሰው ረጅም ሥራ መጀመር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ነገን እንደሚያውቅ ሰው ሆኖ አይደለም። በፌስታል የሚገባውን ይጀምር፤ ናሙናውን አስቀድሞ ይለካ፤ የሚሄደውን ጉድለት ይያዝ፣ የሚታየውን ይለፍ። ሥራው መንገድ ላይ ቢቋረጥ በመርፌው ላይ ይቆየው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አይርሳ፤ የትናንቱ መሥመር የሚጠብቀው የዛሬውን ነው። ዛሬ የሚሠራው አንድ መሥመር 88 ቀለበት ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ሁሉ የሚይዘው ግን እርሱ ነው።